የተነባበረው ሙዝና ሁለቱ አኩራፊዎች

እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ብትፈልጉ ቀኝ እጄን አንስቼ ልማል፣ ብትፈልጉ ግራዬን፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ካነሳሁ ግን ፖሊስ የያዘኝ ስለሚመስል እሱን ተዉኝ። አሁን የምነግራችሁ ነገር ከእውነቱ አንድ ስንዝር አይርቅም። እርግጥ ስንዝሩ የኔ ስንዝር ነው፤ የኔ እጅ ደግሞ ትልቅ ነው። ጉዳዩ ሥጋና ሙዝ ነው። አዎ፣ ሥጋ። አዎ፣ ሙዝ። አንድ ላይ። ፊታችሁን አታጨማድዱ፣ ገና መጀመሪያችን ነው።

መቼም ሰው ይጣላል። ሰው ባይጣላ ኖሮ ሽማግሌ ምን ሠርቶ ይበላ ነበር? እኔ ባደግኩበት መንደር ተጣልቶ መኖር ቀላል ነው። አንዱ በላይኛው መንገድ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ሌላው በታችኛው። ገበያ ላይ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ አንዱ በግ የሚያማርጥ ይመስላል፣ ሌላው ደመና የሚያማርጥ። እንዲህ እየተሸሻሹ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁለቱም ወፍረው ነው የሞቱት። አርሊንግተን ላይ ግን ይህ አይሠራም። አርሊንግተን ማለት አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ዳላስና ፎርት ዎርዝ መሀል የተዘረጋች ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ሰፋፊ መንገድ አላት፣ ከመንገዱ የሰፋ ፓርኪንግ አላት። ባቡር በሉኝ፣ የለም። አውቶቡስ በሉኝ፣ እሱም የለም። መኪና የሌለው ሰው ያኮረፈ እንደሆነ ኩርፊያውን በእግሩ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። በሐምሌ ፀሐይ ደግሞ አስፋልቱ ጫማ ይበላል። እኔ አንድ ቀን የጫማዬን ሶል ከመንገድ ላይ በማንኪያ ነው ያነሳሁት።

እንግዲህ እኔ መኪና አልነበረኝም። የነበረኝ ሁለት ጓደኛ ነው። ሙሉጌታ አብሮኝ የሚኖር ነው፤ ማለቴ እኔ ነኝ አብሬው የምኖር፣ ምክንያቱም የአፓርታማው ሊዝ በሱ ስም ነው፣ እኔ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ነኝ። ካሳሁን ደግሞ ከኛ ሕንፃ ፊት ለፊት ይኖራል፤ መኪናው የሱ ነው። ሦስታችንም በዲቪ የመጣን፣ ሦስታችንም ፎርት ዎርዝ ዌርሃውስ የሚሉት አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን የምናነሳ። ጠዋት ጠዋት ካሳሁን ይነዳል፣ ሙሉጌታ አጠገቡ ተቀምጦ አነዳዱን ይተቻል፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እስቃለሁ። ሶ፣ መኝታዬ ከሙሉጌታ፣ መንገዴ ከካሳሁን። እነሱ እስከተስማሙ ድረስ እንደኔ የተመቸው ሰው ቴክሳስ ውስጥ አልነበረም።

ተጣሉ።

ምክንያቱ ሴት አይደለችም። ሴት ናት ካላችሁም ጂፒኤስ ውስጥ የምትናገረዋ ሴትዮ ናት። ያኔ ጂፒኤስ ማለት መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበር፤ ሙሉጌታ አዲስ ገዝቶ እንደ ሙሽራ ይንከባከባታል። አንድ ቅዳሜ ሳክሲ ሠርግ ተጠራን። ሳክሲ ከጋርላንድ ወዲያ ያለች ጭር ያለች ሰፈር ናት፤ ቤቶቿ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሴትዮዋ "ወደ ቀኝ" ትላለች።

"ዝም በላት፣ እኔ አውቀዋለሁ" ይላል ካሳሁን።

"እሷ ከሰማይ እያየች አንተ ከመሬት ሆነህ ትከራከራታለህ?" ይላል ሙሉጌታ።

ካሳሁን አንዴ እሷን ሰማ፣ አንዴ ራሱን ሰማ፤ በዚህ መሀል ነው የጠፋነው። በመጨረሻ ኦክላሆማ ድንበር ላይ ከብቶች ቆመው ሲታዘቡን አየሁ። ኦክላሆማ ስል ትንሽ ወዲህ ሊሆን ይችላል፤ ከብቶቹ ግን ነበሩ፣ መታዘባቸውም አይካድም። ሳክሲ ስንደርስ ወንበር እየታጠፈ ነው። ሙሽሮቹ ሄደዋል፣ ጥብሱ ከሙሽሮቹ በፊት ሄዷል። ሁለቱ ጓደኞቼ በባዶ ሆዳቸው አዳራሹ ደጅ ቆመው ተዘላለፉ።

"ከዚህ ሰው ጋር ዳግመኛ ከአንድ ትሪ ከበላሁ ካሳሁን አትበሉኝ!" አለ ካሳሁን።

"እሱ እጁን የሰደደበት ትሪ ጋ ዝር ካልኩ ሙሉጌታ አትበሉኝ!" አለ ሙሉጌታ።

"እኔን የፈለጋችሁትን በሉኝና ቤቴ አድርሱኝ" አልኩ። የሰማኝ የለም።

ሰኞ ጠዋት ካሳሁን የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ፣ "ከሱ ጋር የሚያወራ የኔ መኪና ውስጥ አይገባም፣ ኦኬ?" አለኝ። ሰኞ ማታ ሙሉጌታ ሶፋዬን እያየ፣ "የሱን መኪና የሚሳፈር እዚህ ሶፋ ላይ አይተኛም፤ ማለቴ፣ ምርጫው ያንተ ነው" አለኝ። እሱ ሺፍት ለውጦ ከአንድ ቬትናማዊ ጋር መሄድ ጀምሯል። እኔስ? እኔ ጠዋት ነዳጅ ማደያው ጀርባ ተሸሽጌ እሳፈራለሁ፤ ማታ እዚያው ወርጄ፣ ፊቴ ላይ ውሃ ረጭቼ፣ እያለከለክኩ ቤት እገባለሁ። "በምን መጣህ?" ይለኛል። "በእግሬ።" ከፎርት ዎርዝ! እንደዚያ የሚራመድ ሰው ቢኖር ኦሎምፒክ እንጂ ዌርሃውስ አይቀጥረውም። ይህ ውሸት እንደማይቆይ አውቀዋለሁ። ወይ ሶፋዬ ይሄዳል፣ ወይ ሥራዬ። ሁለቱም ከሄዱ ደግሞ እኔ ነኝ የምሄደው።

ሽምግልና አልተሞከረም አትበሉ። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ እትዬ አሰለፈች ይኖራሉ፣ በዕድሜም በቁጣም የሁላችን እናት። "አንድ ትሪ ላይ አስቀምጥልኝ፣ ሌላውን ለኔ ተው" አሉኝ። ችግሩ እሱ ነው። በኛ ሰዎች ዘንድ እርቅ የሚያልቀው ትሪ ላይ ነው። ትሪ ካለ እነሱ አይመጡም፤ እነሱ ካልመጡ እርቅ የለም። ይህን ቋጠሮ የተማረ ሰው እንኳ የሚፈታው አይመስለኝም፣ እንኳን እኔ በትምህርት ቤት ደጅ ከብት እየነዳሁ ያለፍኩት።

የፈታችው ኢርማ ናት። ኢርማ እኔ ካርቶን ከማሽግበት ጠረጴዛ ማዶ የምትሠራ የፖርቶ ሪኮ ሴት ናት። የሷና የኔ እንግሊዝኛ ተደምሮ ለአንድ ሰው አይበቃም፤ ግን ስንሳሳቅ እንውላለን። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከዕቃዋ ውስጥ አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ምግብ አወጣች። ከታች ሙዝ፣ በላዩ የተፈጨ ሥጋ፣ በላዩ ቺዝ፣ እንደገና ሙዝ፣ እንደገና ሥጋ። ላዛኛ የምታውቁ ላዛኛ በሉት፣ ፓስታው ወጥቶ ሙዝ የተተካበት። ሙዙም ያ ልጠን የምንውጠው አይደለም፤ ፕላንቴን የሚሉት፣ ሳይበስል የማይበላ፣ የሙዝ አጎት ነው። ቆርጣ ሰጠችኝ። እናንተ ብትሆኑ ጣዕሙን ታስቡ ነበር። እኔ ያሰብኩት ቅርጹን ነው። ይህ ምግብ በቢላ ይቆረጣል! በየሳህኑ ይታደላል! ትሪ የሚባል ነገር የለበትም! ሁለት አኩራፊዎች አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ምግብ፣ አንድ ሰዓት ላይ ቢበሉት መሐላቸው አንድ ፀጉር አይነቀልበትም። ደስታዬ በዝቶ ኢርማን ሳቅፋት ሱፐርቫይዘሩ ሊከሰኝ ነበር።

አሠራሩን በእጇ አሳየችኝ። ፕላንቴኑ እስኪጠቁር ይጠበቃል፤ ምን ያህል እንደሚጠቁር ስጠይቃት ጫማዋን አሳየችኝ። ከዚያ ተልጦ፣ በቁመቱ ተቆርጦ ይጠበሳል። ሥጋው በሽንኩርትና በቃሪያ ይቁላላል። ይነባበራል፣ የተመታ እንቁላል ይፈስበታል፣ ኦቭን ይገባል። ፕላንቴኔን ገዝቼ ፍሪጁ አናት ላይ ደርድሬ መጠበቅ ያዝኩ። ሰው ልጁን እንደዚያ አይጠብቅም። በየማታው አያለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ከጫማዬ ጋር አስተያያለሁ። ልክ ጫማዬን በመሰለበት ቀን ከሥራ ስመለስ ፍሪጁ አናት ባዶ ነው።

"ሙሌ፣ ሙዜስ?"

"ያ የበሰበሰው? ጣልኩታ! አይጥ ልታረባብኝ ነው?"

ሮጥኩ። የቆሻሻ መኪናው ገንዳውን ሊያነሳ ክንዱን ሲዘረጋ እኔም ክንዴን ዘረጋሁ፤ በአንድ ጣት ቀደምኩት። ፌስታሉ እንደታሰረ ነው፣ ሙዙም ልጣጭ አለው፣ አትጸየፉ።

ቅዳሜ ማታ ኦቭን ውስጥ የሚገባ ጎድጓዳ ዕቃ ልዋስ እትዬ አሰለፈች ጋ ወጣሁ።

"ሥጋን በሙዝ?" አሉኝ።

"አዎ እትዬ።"

"ና ደምሴ፣ ግንባርህን ልንካህ። ትኩሳት አለህ?"

"የለኝም እትዬ። በሳህን በሳህን ስለሚታደል ነው፣ መሐላቸውን አይነካም።"

ወደ ኩሽናቸው ገቡ። ከዚያ ዕቃውን አወጡልኝ። "ከገዛኸው ሥጋ ግማሹን አምጣልኝ" አሉ።

"ለምን እትዬ?"

"ለጥንቃቄ።"

እሁድ ነው፣ ጾም የለም፣ ሥራም የለም። ሥጋዬን ሳቁላላ አንድ ነገር አሳሰበኝ። ኢርማ በርበሬ አላለችም። ግን የኢርማ ሰዎችና የኔ ሰዎች አንድ አይደሉም፤ ሥጋ ያለ በርበሬ አቅርቤ ሌላ ጠብ ልጫር? አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። ሙዙ ጣፋጭ ነው፣ በርበሬውን ሊያበርድብኝ ነው ብዬ ደገምኩ። ቺዙም ያበርዳል ብዬ ሠለስኩ። እንቁላሉን ሳስብ ማንኪያውን ትቼ የበርበሬውን ዕቃ ገለበጥኩት። ከኦቭን ሲወጣ ላዩ እንደ ወርቅ ያበራል፤ ለማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኬ እዚህ ላይ በእልልታ ያልቅ ነበር።

እንግዶቼን አልዋሸኋቸውም። ካሳሁንን፣ "እሱም አለ፣ ግን ትሪ የለም" አልኩት።

"ሳህን በሳህን?"

"ሹካ በሹካ።"

"ኦኬ፣ ላንተ ስል ነው" አለ። ሙሉጌታም ቃል በቃል ይህንኑ አለ፤ ተመካክረው ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። አንዱ በሩ ጋ፣ ሌላው መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ሁለቱም ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከሉ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል።

እትዬ አሰለፈች የተከደነ ትሪ ይዘው ገቡና መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የሁለቱም ፊት ጠቆረ።

"አትደንግጡ" አሉ። "የደምሴ ሥጋ ነው፣ ምንቸት አብሽ አድርጌዋለሁ። እኔ ሳህን በሳህን የሚባል አላውቅም። ሁላችሁም ከቀረባችሁ ይከፈታል፤ ካልቀረባችሁ ይዤው እወጣለሁ። አሁን የደምሴን ብሉ።"

ቆረጥኩ። አቆራረጤን ባያችሁ! በየሳህኑ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አደልኩ። ሁለቱ እኩል ጎረሱ። መጀመሪያ ጣፋጩ መጣ፣ ፊታቸው ግራ ገባው። ከኋላው በርበሬው ደረሰና ጣፋጩን አንገቱን ይዞ ጣለው። ከዚያ ጣፋጩ ተነስቶ በርበሬውን ጣለው። ጠባቸውን ምላሳቸው ላይ ቀጠሉት ማለት ነው። የካሳሁን ጆሮ ቀላ። የሙሉጌታ ዓይን እንባ አቀረረ። ግን ማን ይናገር? ቀድሞ የተናገረ ለሌላው እጁን እንደሰጠ ነው። ካሳሁን ጨከነና ጎረሰ። ሙሉጌታም አየውና ጎረሰ። አንደኛው ሲቀዘቅዝ ሌላኛው ይበረታል፤ እንደዚያ ተከብሮ የተበላ ምግብ አይቼ አላውቅም።

አንድ ጊዜ ካሳሁን ከሳህኑ ቁራጭ አንስቶ በናፕኪን ሲጠቀልል ቀና አለ። ሙሉጌታም እንደሱው እየጠቀለለ ነበር። ከሠርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሙሉጌታ ከንፈሩን ነከሰ። ካሳሁን ሳቅ ይሁን ማሳል ያልለየ ድምፅ አወጣ።

እትዬ አሰለፈች የትሪውን ክዳን በሁለት ጣት ገርበብ አድርገው፣ "ሊቀዘቅዝ ነው መሰለኝ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። የቅቤው ሽታ ተነስቶ በሩ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ዞሮ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ክዳኑን መልሰው ገጠሙት።

እኔ ደግሞ እንግዳ አክባሪ ነኝ። የካሳሁን ሳህን ባዶ መሆኑን አየሁ፤ ባዶ ያደረገው ናፕኪኑ እንደሆነ ግን ልብ አላልኩም። ትልቁን ቁራጭ፣ የመሀሉን፣ ሥጋው የበዛበትን አንስቼ፣ "ካሴ፣ አፈርክ መሰለኝ፣ በሞቴ ጨምር!" ብዬ ሳህኑ ላይ ዘፍ አደረግኩለት።

ካሳሁን ቁራጩን አየ። ትሪውን አየ። ሳህኑን መሬት አስቀምጦ ብድግ አለና ወደ መስኮቱ ጮኸ፦

"ሙሌ፣ ተነስ ቅረብ! ይሄን ሙዝ ለብቻዬ ከምጨርስ ያንተን ፊት እያየሁ ከትሪው ብበላ ይሻለኛል!"