የሁዳዴ እንቁላል

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ ቀለም መበጥበጥ ነበር። እኔ ደቻቱ ወንዝ ዳር ጎርፍ የተወውን ቀይ አፈር በወንፊት ነፋሁ፤ እሱ የእንቁላሉን አስኳል ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያንከባለለ ከነጩ ለየ። ቀለም በቱቦ ሳይመጣ በፊት ብዙ ሠዓሊዎች እንዲህ አፈር በአስኳል እየበጠበጡ ይሥሉ እንደነበር ሁልጊዜ ይነግረኝ ነበር። በሳምንቱ ሞተ፤ የጀመረው የገብርኤል ሥዕል ካባው ሳይቀባ ቀረ።

የሰው ጾም የሚጠብቁ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? የራሳቸውን ማን እንደሚጠብቅላቸው እንጃ። በሁዳዴ ለካባው ቀለም ሁለት እንቁላል ስገዛ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አዩኝ። ወሬው ባጃጅ ይዞ ሳይሄድ አልቀረም፤ እኔ ድልድዩን ሳልሻገር ሰፈር ደርሶ፣ እንቁላሎቹ ዶሮ ወጥ ሆነው ጠበቁኝ።

እትዬ አስካለ ቤቴ ድረስ መጡ። “ልጄ፣ ሐዘን ጾም አያስገድፍም እኮ” አሉኝ፣ ድስቴን እያዩ።

“ለገብርኤል ነው።”

“እሱም ቢሆን በሁዳዴ እንቁላል አይበላም።”

ሥዕሉን አሳየኋቸው። እንቁላሉ ለካባው ቀለም መሆኑን ነገርኳቸው።

“ታዲያ የቱቦ ቀለም መች ጠፋ? ለምን ትታሚያለሽ?”

“ልታማ” አልኳቸው።

አሁን እንቁላል በገዛሁ ቁጥር ውስጡን በሚያሳይ ፌስታል ይዤ በእትዬ አስካለ በር በኩል እመለሳለሁ። አስኳሉን በመዳፌ እለያለሁ፤ ካባውንም እቀባለሁ።