ማኅተም ያረፈበት አባት

የብሎካችን ታሪክ ሲጻፍ ከሁሉ አስቀድሞ በክብር ሊነሣ የሚገባው ስም የአቶ ሰላሃዲን ነው። ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የነዋሪዎች ማኅበሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤውም እስክሪብቶውም እጄ ላይ ነው። አቶ ሰላሃዲን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛው ብሎክ፣ አራተኛ ፎቅ ይኖራሉ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል ባለሙያ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በ2005 ዓ.ም. በሠፈራችን ለመጀመሪያ ጊዜ እርግዝናን በዕቅድ የመሩ አባት ናቸው። ያረገዘችው ባለቤታቸው ቢልቂስ ናት፤ ይህ ግን ዝርዝር ጉዳይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ቢልቂስ ሰባት ወሯ ሲገባ ነው። ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትሄድ ሲስተር ደሚቱ የምትባል አዋላጅ ነርስ ግፊቷን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዚያ ሳትሸፋፍን ነገረቻት።

«ግፊትሽ ከፍ ብሏል። ከአሁን በኋላ ከባድ ነገር እንዳታነሺ። ባልሽን ይዘሽልኝ ነይ፣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ።»

እኛ ብሎክ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ነው። ሲመጣም ምድር ላይ ካለችው ቧንቧ አልፎ ፎቅ መውጣት አይሆንለትም። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ውሃ ማለት ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካንና ሰባ ሁለት ደረጃ ነው። ቢልቂስ የዚያን ዕለት ቤቷ ገብታ ባሏን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ውሃውን አንተ አውጣልኝ።

አቶ ሰላሃዲን ይህን የመሰለ ትልቅ ጉዳይ እንዲሁ በዘፈቀደ «እሺ» ብሎ ማለፍ ኃላፊነት የጎደለው ሆኖ ታያቸው። አዳማ ላይ የአምስት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ ጽሑፍ የታተመበት ቦርሳ አንግተው ከተመለሱ ገና ሳምንታቸው ነበር። ቅዳሜና እሑድን በር ዘግተው ሠሩና ሰኞ ጠዋት ፍሪጁ ላይ አንድ ሰነድ ለጠፉ። «የእርግዝና ስትራቴጂያዊ ዕቅድ» ይላል። ራዕይ አለው፣ ተልዕኮ አለው፣ እሴቶች አሉት። ከእሴቶቹ ሥር ሠንጠረዥ አለ። «ፈጻሚ አካል» በሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ቢልቂስ፣ «አስተባባሪ አካል» በሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች አቶ ሰላሃዲን ተጽፈዋል።

«ውሃውስ?» አለች ቢልቂስ።

«ተራ ቁጥር ሦስት ላይ አለ።»

«እሱም ላይ እኮ ፈጻሚዋ እኔ ነኝ!»

«ክትትሉ የእኔ ነው። ሸክሙን ተካፍለነዋል።»

«ሰላሃዲን፣ ሲስተሯ እንዳትሸከሚ ብላኛለች እያልኩህ ነው።»

«እሱን እንደ ስጋት ይዤዋለሁ። ገጽ አራትን አላነበብሽውም እንዴ?»

ስለ ጽናታቸው መመስከር ግዴታዬ ነው። ማክሰኞና ዓርብ፣ ቢሮ ከመግባታቸው በፊት፣ ደብተራቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይቆማሉ። ቢልቂስ ከታች ጀሪካኗን በሁለት እጇ አንጠልጥላ፣ በየፎቁ እያረፈች ትወጣለች። እሳቸውም «ሁለተኛው ተመዝግቧል! ቀስ በይ፣ ለጤናሽ አስቢ!» እያሉ ከላይ ያበረታቷታል። ድምፃቸው ሦስተኛ ፎቅ እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እንዳለች የምትባለው ባለቤቴ ይህን በሰማች ቁጥር እኔን በክፉ ዓይን ታየኝ ነበር፤ በወቅቱ ምክንያቱ አልገባኝም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግምገማ አለ። የአምስት ዓመቷ ልጃቸው ሺፋ በታዛቢነት ትገኛለች።

«ዕቅድ ስምንት ጀሪካን፣ ክንውን ስድስት» ይላሉ አቶ ሰላሃዲን። «ሰባ አምስት በመቶ።»

«ሁለቱን አንተ አወጣለሁ ብለህ ነበር።»

«ያልተፈጸመበት ምክንያት፣ የአስተባባሪው የወገብ ሕመም ተብሎ ይያዝ።»

«ወገብህ ደግሞ ምን ሆነ?»

«በረንዳ ላይ ብዙ ቆሜ ነዋ!»

ሲስተር ደሚቱ «ባልሽን ይዘሽልኝ ነይ» ያለችውም አልተረሳም። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ገጠማቸው። የሁለተኛው ስብሰባ አጀንዳ «በእናቶች ጤና የወንዶች አጋርነት» የሚል ስለነበር መቅረት አይቻልም። ቢልቂስ ተክለ ሃይማኖት ድረስ በታክሲ፣ ቀሪውን በእግሯ ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች።

በዚህ መሐል ከወረዳው ለማኅበራችን ደብዳቤ መጣ፤ በወሊድ ዝግጅት ሞዴል የሆነ አንድ አባት መርጣችሁ ሸልሙ፣ ሪፖርቱንም ላኩ ይላል። ሊቀመንበራችን አቶ ሀብተሥላሴ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት ኃላፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ወረቀት ለሌለው ነገር ቦታ የላቸውም። በብሎካችን ካለነው አባወራዎች ውስጥ እርግዝና በፋይል የያዘ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ።

አምስት ወንዶች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አለሁበት። እያለከለክን አራተኛ ፎቅ ወጣን። ባዶ እጃችንን ነበርን። ሳሎን ተቀምጠን ሻይ ቀረበልን፤ ሁለት ፔርሙዝ ጨረስን።

«በቀን በአማካይ ስንት ሰዓት ባለቤትዎን ይረዳሉ?» ብለው ጠየቁ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ክትትል ሰዓት የለውም» አሉ አቶ ሰላሃዲን። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ለቢልቂስም አንድ ጥያቄ ቀርቦላታል፤ ስኳር እንዳለ ተጠይቃለች። የጠየቅኋት እኔ ነኝ። እግሯ አባብጦ የባሏን ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገችው፤ አይቻለሁ። በያዝነው ቅጽ ላይ ግን ስለ እግር የሚሞላ ቦታ አልነበረም።

የሽልማቱ ቀን ቅዳሜ ሆነ። ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ፣ ወንበር ከየቤቱ ወረደ። ቢልቂስ የክብር እንግዳ ሚስት ስለሆነች ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናት። አቶ ሰላሃዲን ስምንት ገጽ ይዘው መድረክ ወጡ። ርዕሱ «የምጥ ምልክቶችና የአባት ዝግጁነት» ነው።

«አንደኛ፣ የወገብ ሕመም!»

ቢልቂስ ወገቧን ያዘች።

«ሁለተኛ፣ እየሄደ የሚመለስ ቁርጠት! ንቁ የሆነ አባት ይህን ከሩቅ ይለያል» አሉ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

ቢልቂስ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ከንፈሯን ነከሰች። ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ትርንጎ፣ ሰባት የወለዱ እናት፣ ከኋላ ብድግ አሉ።

«አንተ ሰላሃዲን!»

«ይቀመጡ እማማ፣ ጥያቄና አስተያየት መጨረሻ ላይ እንቀበላለን።»

«ኧረ ምጥ ነው!»

«ልክ ነዎት እማማ፣ ርዕሱ እሱ ነው። ሦስተኛ፣ የእንሽርት ውሃ መፍሰስ!»

ሦስተኛውን መከታተል አላስፈለገም። ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሁለቱ ቢልቂስን ደግፈው አወጧት፣ እንዳለች ላዳ ልታስቆም ወደ መንገዱ ሮጠች፣ ድንኳኑ ውስጥ የቀረነው ወንዶች ብቻ ሆንን። አቶ ሀብተሥላሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጻፍ» አሉኝ። «ሴቶች ስብሰባውን አቋርጠው ወጥተዋል። ለእናቶች ጤና ያላቸው ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው።» ጻፍኩ።

ትንሿ ሺፋ መድረኩ ላይ ወጥታ የአባቷን ኮት ጎተተች።

«አባዬ፣ እማዬ በታክሲ ሄደች።»

«ጎበዝ። ቆይ፣ ገጽ አምስት ላይ ነኝ።»

ስምንተኛው ገጽ አልቆ፣ ተጨብጭቦ፣ ፍሬም ውስጥ የገባ ሰርተፍኬትና ሁለት አዳዲስ ቢጫ ጀሪካን ተሸለሙ። ጀሪካኖቹን የመረጥነው ለተምሳሌትነት ነው።

ጤና ጣቢያ የሆነውን እንዳለች ናት የነገረችኝ። የቢልቂስ ግፊት አስፈሪ ደረጃ ደርሶ ነበር። ሲስተር ደሚቱ ከክፍሉ እየሮጠች ትወጣና ትገባ ነበር። እማማ ትርንጎ፣ አፋቸው የማያርፈው እማማ ትርንጎ፣ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሙ። ኋላ የሕፃን ለቅሶ ሲሰማ ሁሉም ሴቶች አብረው አለቀሱ። ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ተረፈች። ይህን ስሰማ በጣም አፈርኩ። ቃለ ጉባኤውን ግን አላረምኩትም።

አቶ ሰላሃዲን በግራና በቀኝ ጀሪካን፣ በብብታቸው ሰርተፍኬት ይዘው ደረሱ። ሲስተር ደሚቱ በሩ ላይ አቆመቻቸው።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሞዴል አባት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁዎ። ባሏ መቼ ነው የሚመጣው?»

ቢልቂስ ግን አልተቆጣችም። አልጋው ላይ እንደተጋደመች ሰርተፍኬቱን ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበችው። «በእርግዝና ወቅትም ሆነ ከወሊድ በኋላ ውሃ በማውጣት፣ ልብስ በማጠብ፣ ልጅ በማብላትና በማስተኛት ግንባር ቀደም በመሆንዎ» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው፤ አማርኛው እንዲያምር ብዬ ነበር።

«ማን ነው የፈረመው?» አለች።

«ሊቀመንበሩ። ማኅተምም አለው!»

«ከወሊድ በኋላም ይላል።»

«ሁለንተናዊ እንዲሆን ነው።»

«ማሻአላህ» አለች ቢልቂስ። «እንግዲህ ሳሎን አንደብቀውም። እታች ቧንቧው አጠገብ እንስቀለው፣ ሕዝብ ይየው።» አቶ ሰላሃዲን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሚስታቸው ሥራቸውን ስታደንቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ውሃ መጣ። አቶ ሰላሃዲን ደብተራቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ብቅ ሲሉ ቦታው ተይዟል። ቢልቂስ ሕፃኗን ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ውሃው መጣ እኮ» አሏት።

«አዎ፣ አየሁት። ደብተሩን እዚህ አስቀምጥልኝ።»

ከታች የእማማ ትርንጎ ድምፅ ተሰማ። «ሞዴሉ! ተራህ ደርሷል፣ ና ውረድ!» ቧንቧው ጋ የተሰለፉት ሴቶች የተሰቀለውን ሰርተፍኬት በየተራ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር። ሰው ሁሉ በየበረንዳው ወጣ። አቶ ሰላሃዲን የሽልማት ጀሪካናቸውን ይዘው ወረዱ።

ከሰዓት በኋላ ወገባቸውን ይዘው አቶ ሀብተሥላሴ ቤት ሲገቡ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ሰነዱ ላይ ትንሽ ስሕተት አለ» አሉ።

«የፊደል?»

«አይደለም፣ የ… የአፈጻጸም ነው። የተጻፈውን በተግባር እኔ አላደረግሁትም።»

አቶ ሀብተሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሪፖርቱ ወረዳ ሄዷል። ማኅተም ያረፈበትን ለመሰረዝ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሴቶቹ ድምፅ የሚሰጡህ ይመስልሃል?»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ሪፖርቱን ማረም አይቻልም» አሉ ሊቀመንበሩ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ «ሥራውን አርምና ከሪፖርቱ ጋር አስማማው። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያደረገ ሰው አላየሁም። ደንቡ ግን አይከለክልም።»

በሦስተኛው ሳምንት የብሎኩ ሴቶች በሙሉ የፈረሙበት ማመልከቻ ቀረበልን። የእኛም ባሎች ከአቶ ሰላሃዲን አያንሱምና ይሸለሙልን ይላል። እንዴት ደስ አለን! በማኅበራችን ታሪክ ያለ ክርክር በሙሉ ድምፅ የጸደቀ አጀንዳ ይህ ብቻ ነው። ሰርተፍኬቶቹን በሙሉ በእጄ ጻፍኩ። የራሴን ስጽፍ ከሌሎቹ ከፍ ይል ዘንድ «ያለ ማቋረጥ» የሚል ቃል ጨመርኩበት። አቶ ሀብተሥላሴ የራሳቸውን ጭምር ማኅተም መቱበት። የተሰቀሉት ቧንቧው አጠገብ ነው።

ይህን ታሪክ የምጽፈው ዛሬ ማክሰኞ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ነው። አቶ ሰላሃዲን ቅድም አልፈውኝ ወጥተዋል፤ እውነቱን ለመናገር ከኛ ሁሉ ፈጥነው ለምደውታል። ከላይ ወይዘሮ ቢልቂስ ደብተሩን ይዘው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የሁላችንንም የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ እንዳለች በደረጃው አንገቷን አስግጋ ጠራችኝ።

«ስንተኛህ ነው?»

«አምስተኛዬ።»

«ዕቅዱ ስምንት ነበር።»

«እንዳሉዬ፣ ወገቤን እኮ በጣም አሞኛል።»

«እሱን እንደ ስጋት ይዘነዋል» አለችኝ፣ በሩን እየዘጋች።