ያልተቆጠረው እጅ

[የልብስ ንጽህና ቤት የካውያ ክፍል። እንፋሎቱ ዓይን ያጠፋል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ይተኩሳሉ። ዓርብ ቤቱ ተዘግቶ ሁለቱም ሥራ ፈት ሊሆኑ ነው። አንዱን "ሊቁ" ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሌላውን "ፈዜ" ይሉታል፤ ይሄንንም ያወጣው ሊቁ ነው።]

ሊቁ፦ መጀመሪያ ኮሌታው ነው አልኩህ!

ፈዜ፦ እጅጌውን ስላስቀደምኩበት ያኮረፈ ሸሚዝ አላየሁም፣ ጋሼ።

ሊቁ፦ ሥርዓት የሚባል ነገር አለ! መጀመሪያ ኮሌታ፣ ከዚያ እጅጌ። በአገርም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ዜጋ፣ ከዚያ መጤ።

ፈዜ፦ ከዚያ መጤው ይደርሰዋል?

ሊቁ፦ አይደርሰውም።

ፈዜ፦ ታዲያ ምን ያደርጋል?

ሊቁ፦ ያያላ!

ፈዜ፦ እኔ እኮ ሌላ ሥራ እስክናገኝ ማዘጋጃ ቤቱ ድጎማ ይሰጠናል ብዬ እፎይ ብዬ ነበር።

ሊቁ፦ ለዜጋ! ትናንት ስብሰባው ላይ ምን አልኩ? "ዜግነት ሳይኖረው ቋሚ ነዋሪ ነኝ ያለ ሁሉ ለድጎማ እጁን እንዳይዘረጋ!" አዳራሹን አናወጥኩት እኮ! እኩል ቢሆን ኖሮ ለእነሱም ይሰጥ ነበር፤ በአንድ እጅ ብልጫ አሸነፍን።

ፈዜ፦ አጠገብህ ነበርኩ። ግን ቋሚ ነዋሪውም እንደኛው ሲተኩስ ይውላል፤ ግብሩም ከደሞዙ ይቆረጣል።

ሊቁ፦ መክፈል ግዴታ ነው፤ መብላት መብት ነው። ግዴታው ለሁሉም፣ መብቱ ለዜጋ። ገባህ?

ፈዜ፦ አልገባኝም።

ሊቁ፦ ለዚህ ነው ፈዜ ያልኩህ።

[ፈዜ እጅጌውን ገለበጠ። ከትናንት ጀምሮ ለሊቁ የሚነግረው ነገር አለ፤ እንዴት እንደሚጀምር ጨንቆታል።]

ፈዜ፦ ጋሼ... ትናንት ያንተን እጅ ቆጠሩት እንዴ?

ሊቁ፦ ቆጣሪው ፈገግ ብሎ አለፈኝ። የክብር እንግዳ መስዬው ይሆናል።

ፈዜ፦ ወደ እኔ ግን መጥቶ ነበር፤ የሚቆጥረው የዜጋን እጅ ብቻ ነው።

ሊቁ፦ ወዳንተ? የዜግነት ፈተና ሦስት ጊዜ ወደወደቀው? እኔ እኮ አንዴ ተፈትኜ አንደኛ ነው የወጣሁት!

ፈዜ፦ በአራተኛው አለፍኩ። ደግሞም ምያለሁ።

ሊቁ፦ መሐላ ለጌጥ ነው!

ፈዜ፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የዜግነት ቢሮው ጸሐፊ ግን "ያልማለ ሺህ ፈተና ቢያልፍ ያው ቋሚ ነዋሪ ነው" አለችኝ።

ሊቁ፦ [ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስቶ] መቼ ነው የማልከው?

ፈዜ፦ ለመሐላው "ፀሐይ ላይ አልቆምም፣ ሰልፍ ያዝልኝ" ብለህ የላክኸኝ ቀን። የእኔም ቀጠሮ ያን ቀን ነበር። ተራው ደርሶ ልጠራህ ብመጣ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ብለህ ስለ ዜግነት ታስተምራለህ። "አታቋርጠኝ!" አልከኝ። ተራው ከሚያልፍ ብዬ እኔው ማልኩ።

[ሸሚዙ መጨስ ጀመረ። መጀመሪያ የተቃጠለው ኮሌታው ነው።]

ሊቁ፦ እንዴ! ታዲያ ከዓርብ በኋላ እኔ ምን ልብላ?

ፈዜ፦ እኔም የጨነቀኝ እሱ ነው። ትናንት "ለነዋሪም ይሰጥ" ሲባል እጄን ያወጣሁት ላንተ ብዬ ነበር።

ሊቁ፦ ታዲያ ቆጣሪው እንዲያየው ከፍ አታደርገውም ነበር፣ አንተ ፈዛዛ?!

ፈዜ፦ ከፍ አድርጌው ነበር እንጂ። ቆጣሪው አጠገቤ ሲደርስ "አውርድ!" ብለህ የጎተትከኝ አንተ ነህ።