እመት ጃርትና አዲሱ ድር

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ። ጠጁ ስላለቀ የቀረኝ ምሳሌው ነው፤ እሱኑ ልቅዳላችሁ። የማወራው የአውሬ ነገር ነው። ከመሐላችሁ ራሱን ያገኘ ቢኖር ዝም ብሎ ከሌሎቹ ጋር ይሳቅ፤ ማንም አያውቅበትም።

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ማንበብ በሚችልበት፣ የሚያነብ ግን በጠፋበት ዘመን፣ ከአንድ ጥቅጥቅ ያለ ዱር መሐል ትልቅ የሾላ ዛፍ ነበር። ከሾላው ሥር ዋሻ አለ። በዋሻው ውስጥ ከቅድመ አያት ጀምሮ የተጻፈባቸው የዛፍ ቅርፊቶች በድንጋይ መደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል። የትኛው ምንጭ በበጋ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ቅጠል እንደሚገድልና ማርከሻው ምን እንደሆነ፣ ዝሆንና ጎሽ በድንበር የተስማሙበት ውል፣ የንጉሡ የዘር ሐረግ፣ ሁሉም እዚያ ነው። የቅርፊት ቤት ይሉታል። ጠባቂዋ እመት ጃርት ነበረች።

እመት ጃርት በዚያ ቤት ሃያ ሦስት ክረምት አሳልፋለች። አዲስ ቅርፊት በገባ ቁጥር ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ትሰካበታለች። የእሾሁን ርዝመትና ቀለም አይታ ቅርፊቱ ስለ ምን እንደሚናገር ታውቃለች። በዚህ የተነሳ ጀርባዋ በከፊል ተመልጦ ነበር። የጦጣ ልጆች “መላጣዋ ጃርት” እያሉ ቢያሾፉባትም ነገሬ አትላቸውም።

ቅርፊት በስሙ የሚጠይቅ አውሬ ደግሞ አልነበረም። ከርከሮ ይመጣና “ያ አባቴ ያነበው የነበረው፣ መጨረሻው ላይ የሚያሳዝነው” ይላል። እሷም “አባትህ ያነበው ከድርቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?” ትለዋለች። ሁለት ሦስት ነገር ትጠይቀውና ቀጥ ብላ ሄዳ ታወጣለታለች። ሥራዋ ይኸው ነው። ሥራ ነው ብሎ የቆጠረላት ግን አልነበረም።

አንድ ቀን አቶ ዝንጀሮ ከወንዝ ማዶ ዱር ተመለሰ። ሦስት ወር ነበር የቆየው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ዝንጀሮ ከጅብ ይብሳል፤ በሚያውቁት አገር ተመልሶ ነው ያስነጠፈው። ንጉሥ አንበሳም ጉባኤ ጠራለት።

“ንጉሥ ሆይ፣” አለ ዝንጀሮ፣ “ወንዝ ማዶ ቅርፊት የሚባል ነገር ቀርቷል። ሸረሪቶች ከጎሬ ጎሬ ድር ዘርግተዋል። አውሬው ካለበት ሳይነሳ ክሩን ጎትቶ የፈለገውን ነገር ስም ይጠራል። መሐል ላይ የተቀመጡት ሸረሪቶች ይሰሙና መልሱን በዚያው ክር በቅጽበት ይልኩለታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው...” ብሎ ጀመረና የሚናገረው ለማን እንደሆነ ትዝ ሲለው ተረቱን ዋጠው።

ከጉባኤው ነገሩ የገባው አልነበረም። አለመግባቱ እንዳይታወቅበት ግን ሁሉም አጨበጨበ። አንበሳም የተጨበጨበለትን ነገር ሁሉ ስለሚያጸድቅ አጸደቀው።

እመት ጃርት ከኋላ ተነሳች። “አንድ ነገር ልጠይቅ። ድሩ መልሱን ከየት ያመጣዋል?”

“ከድሩ ነዋ፣” አለ ዝንጀሮ።

“ድሩ ውስጥስ ማን ያስገባዋል? ዋሻው ውስጥ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቅርፊት አለ።”

“እሱ ምዕራፍ ሁለት ነው። አሁን ያለነው ምዕራፍ አንድ ላይ ነው። እመት ጃርት መቼም አዲስ ነገር አይወዱም።”

ጉባኤው ሳቀ። አያ ጅቦ ለሳቅ ምክንያት አይፈልግምና ሌሎቹ ካቆሙ በኋላም ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ውሳኔው ተነበበ። ድሩ ከአርባ ቀን በኋላ ይመረቃል። ዋሻውም በዚያው ቀን ለስብሰባ አዳራሽ ይለቀቃል። ያሉትን ቅርፊቶች ምስጥ ያነሳቸዋል፤ ድር ካለ ቅርፊት ምን ያደርጋል ተባለ። እመት ጃርት ወደ ዋሻዋ ስትመለስ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

ከአርባው ቀን ሃያው የክብር እንግዳ ሲጠበቅ አለፈ። የክብር እንግዳው ንጉሡ ነበር። ስለ ድሩ አጠቃቀም የታሰበው ስልጠና የተጀመረው እሱ ከአደን ሲመለስ ነው። በመጀመሪያው ቀን የመክፈቻ ንግግር ተደረገ፤ ንጉሡም ከንግግሩ እኩሌታ ጀምሮ አንቀላፋ። በሁለተኛው ቀን ተሳታፊዎች ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ ምሳ ደረሰ፤ ከምሳ በኋላ ለማስታወሻ ይሁን ተብሎ ሁሉም ኩሬ ዳር ተሰልፈው መልካቸውን በውሃው ውስጥ አብረው አዩ። ድሩን የነካ አልነበረም። ተሳታፊዎቹም ቢሆኑ ከእመት ጃርት በቀር የቅርፊት ቤቱን ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ ነበሩ። አያ ጅቦ የመጣው ለምሳው ነው፤ ይህንንም አልደበቀም።

በሦስተኛው ቀን ልምምድ ተባለ። ዝንጀሮ እያንዳንዱ አውሬ ማንም የማያውቀው የይለፍ ቃል እንዲመርጥ አዘዘ። አያ ጅቦ ተነስቶ “አጥንት” ብሎ ጮኸ።

“አያ ጅቦ፣ ምስጢር ነው እኮ፣” አለው ዝንጀሮ።

“ምኑን ልደብቀው? አጥንት መውደዴን የማያውቅ ማን አለ?”

ከዚያ የእመት ጃርት ተራ ደረሰ። በጥንቃቄ ቀረበች፤ ክሩን ልትይዝ ዘወር ስትል ግን የጀርባዋ እሾህ ድሩን ከዳር እስከ ዳር ቀደደው። ሳቁ ከሩቅ ይሰማ ነበር። “እመት ጃርት፣ ይህ እኮ የወጣት ሥራ ነው፣ ለምን አያርፉም?” አለ ዝንጀሮ። በመጨረሻም ለሁሉም ሰርተፍኬት ታደለ። የተኛውም፣ የበላውም፣ ለመዝጊያው ብቻ የመጣውም ተቀበለ። እመት ጃርት ብቻ ንብረት አበላሽታለች ተብሎ ተከለከለች።

ዋሻዋ ገብታ ማንም ሳያያት አለቀሰች። ድሩን ከዘረጉት ሸረሪቶች አንዲት አሮጊት የተቀደደውን ልትጠግን መጥታ አገኘቻት።

“እውነት መማር ትፈልጊያለሽ?” አለቻት።

“መፈለጉንስ አልፈልግም እህቴ። ካልተማርኩ ግን ቅርፊቶቼን ምስጥ ይበላቸዋል።”

“እንግዲያው እሾህሽን ጭቃ ቀቢው።”

እመት ጃርት ወንዝ ወርዳ ጀርባዋን በጭቃ ለቀለቀችና ተመለሰች። በመጀመሪያው ቀን ድሩን ሦስት ጊዜ ቀደደችው። በሁለተኛው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ። በአራተኛው ቀን እግሯ የትኛው ክር እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ ለየ። በአምስተኛው ቀን ማንም ሳይረዳት ክሩን ጎትታ “የኮረብታው ምንጭ” አለች።

“ምንም አልተገኘም፣” አለ ድሩ።

“የድንበር ውል።”

“ምንም አልተገኘም።”

“አበላሸሁት መሰለኝ፣” አለች እመት ጃርት ደንግጣ።

“አላበላሸሽም። ባዶ ነው፣” አለች ሸረሪት። “ሁሉንም ጎትቱ ብለው አሠለጠኑ። የቅርፊቱን ነገር በክሩ ላይ ቋጥሩ ብሎ ያዘዘን ግን የለም። ያልቋጠርነውን ከየት እናምጣ?”

“ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው፣” አለች እመት ጃርት።

ባዶ ነው ተብሎ ግን ድሩ ሥራ አልፈታም። ከርከሮ ምን እንደበላ ለዱሩ ሁሉ ይናገርበታል። ጦጣዎች ማን ምን አለ ይባባሉበታል። አያ ጅቦ በየማለዳው ጎትቶ “ያደረ በድን አለ?” ይላል። ዝንጀሮም የጎታቹን ብዛት እየቆጠረ ለንጉሡ ሪፖርት ያቀርባል። ቁጥሩ በጣም ያማረ ነበር።

እመት ጃርትና ሸረሪት ቅርፊት በቅርፊት ሊያስገቡ ተስማሙ። ጃርት ታነባለች፣ ሸረሪት ትቋጥራለች። የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ነው። “ከሚገድሉት ቅጠሎች እንጀምር፣ ሌላው ቢቀር እሱ ይትረፍ” አለች ጃርት። የመጀመሪያው ቋጠሮ ሳይታሰር ግን ዝንጀሮ ደረሰ።

“የንጉሡን የዘር ሐረግ አስቀድሙ፣” አለ።

“አቶ ዝንጀሮ፣ የዘር ሐረግ ቢዘገይ ማንም አይሞትም።”

“እኔ እሞታለሁ፤ በምረቃው ቀን ንጉሡ ሲጎትት ‘ምንም አልተገኘም’ ቢለው።”

መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ እንዲሉ፣ ከወንበሩ የሚበልጥበት ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ አንበሳ የራሱን ገድል ጨምሮበት የዘር ሐረጉ ብቻ መቶ ሃምሳ ቅርፊት ሞልቷል። እመት ጃርት ድምፅዋ እስኪሰልል አነበበች። አርባው ቀን ሲያልቅ የመጨረሻው ቅድመ አያት ላይ ደርሳ ነበር። ከሌላው አንድም አልገባም።

ቀን ይጨመርልኝ ብላ ለመነች። “ፕሮግራሙ ተጽፏል፣” አለ ዝንጀሮ፣ አውጥቶም አሳያት። የተጻፈው በቅርፊት ላይ ነበር።

የምረቃው ቀን ፕሮግራም የሚጀምረው “ቦታ ማጽዳት” በሚል ነው። ምስጦቹ ማልደው ከዋሻው በስተኋላ ገቡ፤ እመት ጃርት ደግሞ ድሩ ዘንድ እንድትቆም ታዘዘች። አውሬው ተሰበሰበ። ንጉሡ ክሩን ጎትቶ፣ ዝንጀሮ ያስጠናውን ጥያቄ ጠየቀ። “የዱሩ ንጉሥ ማን ነው?”

“አንበሳ፣” አለ ድሩ፣ “የአንበሳ ልጅ፣ የአንበሳ የልጅ ልጅ...” እያለ እስከ ምሳ ሰዓት ቀጠለ። ምድር እስኪናወጥ ተጨበጨበ።

ጭብጨባው ሳይበርድ ሚዳቋ ግልገሏን እየገፋች ደረሰች። የግልገሉ ሆድ ተነፍቶ፣ አፉ አረፋ ይዞ ነበር። “ቅጠል በልቶብኝ ነው፣ እባካችሁ፣” አለች።

“በጥሩ ሰዓት ነው የመጣሽው፣ ጎትቺ፣” አለ ዝንጀሮ ደስ ብሎት።

ጎተተች። “ልጄ ቅጠል በላብኝ።”

“ምንም አልተገኘም።”

“የቅጠሉን ስም ጥሪ እንጂ፣” አላት ዝንጀሮ።

“ስሙን ባውቀው ኖሮ መች አስበላው ነበር?” አለች ሚዳቋ። አያ ጅቦ ከሁሉም ቀድሞ አዘነላትና ግልገሉ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

እመት ጃርት ጅቡን ገፋ አድርጋ ቀረበች። “የት ነው የዋለው?”

“ረግረጉ ማዶ።”

“ቅጠሉ ሲቆረጥ ወተት አለው?”

“አለው።”

“ሽታውስ? የኮመጠጠ ማር ይሸታል?”

“አዎ፣ እሱ ነው። ይድረሱልኝ እመት ጃርት።”

እመት ጃርት ወደ ዋሻው ሮጠች። ሰባተኛው መደርደሪያ፣ አጭር ጥቁር እሾህ። እሾሁን አገኘችው። ከሥሩ ግን አንድ እፍኝ አፈር ነበር። ቀና ብላ ስታይ መደርደሪያው ሁሉ እሾህና አፈር ብቻ ሆኗል። የሃያ ሦስት ክረምት እሾህ ባለቤት እንደሌለው ተበትኗል። ጮሃ ማልቀስ አማራት፤ ጊዜ ግን አልነበራትም።

ዐይኗን ጨፈነች። ያንን ቅርፊት ከዘጠኝ ክረምት በፊት ለአንዲት ድኩላ ጮክ ብላ አንብባው ነበር። የመጀመሪያውን መስመር ያዘችው፤ ሁለተኛው ሸሸ፣ ከዚያ ተመለሰ። ወጥታም “ነጭ አፈር በውሃ በጥብጠሽ አጠጪው፣ እስኪያስመልሰው። እንዳታስተኚው፣ አስሂጂው” አለቻት። ሁሉም እያየ ግልገሉ አስመለሰ። ጥላ ሲረዝም ደግሞ በአራት እግሩ ቆመ። አያ ጅቦ ተነስቶ ሄደ።

ሚዳቋ እግሯ ላይ ወድቃ አመሰገነቻት። “ነገ ሌላ ቅጠል ቢበላብኝስ፣ እመት ጃርት?” አለቻት ቀስ ብላ።

“ይሄኛውን አስታወስኩት፣” አለች እመት ጃርት። “ሌላውን አላስታውሰውም ልጄ።”

ዝንጀሮ በዚያው ቆሞ ሪፖርቱን አነበበ። “አዲሱ ድር ገና በተመረቀበት ዕለት የአንድ ግልገል ነፍስ አድኗል።”

“ድሩ እኮ ምንም አላለኝም፣” አለች ሚዳቋ።

“ደንግጣ ነው፣” አለ ዝንጀሮ፣ ጉባኤውም አጨበጨበ።

ንጉሡ ደስ አለውና ለእመት ጃርት ያ የተከለከለችው ሰርተፍኬት እንዲሰጣት አዘዘ። “ድሩን ስለ ተማርሽ ነው። በይ ለጉባኤው ንግግር አድርጊ፣” አላት።

እመት ጃርት ሰርተፍኬቱን ተቀበለች፤ ገልብጣ አየችው። ጭቃው ከጀርባዋ ደርቆ ይረግፍ ነበር።

“ንጉሥ ሆይ፣” አለች፣ “ይህ ለእኔ አይገባም፤ ለምስጡ ይሰጥልኝ። በዚህ ዱር ውስጥ ቅርፊቶቼን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጨረሰ እሱ ብቻ ነው።”