የሚኒዲስኬ ሁለት ቀዳዳዎች

ሰው በምን ይጣላል? በመሬት ይጣላል፣ በፖለቲካ ይጣላል። እኔና ጓደኛዬ መርሻ ግን የተጣላነው በቀዳዳ ነው። አትሳቁ፣ ላስረዳችሁ።

እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ከአሮጌ ዕቃዎቼ መሀል የምሳሳላት አንዲት ሚኒዲስክ አለችኝ። ሚኒዲስክን የማታውቁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። ከካሴት በኋላ፣ ከስልክ በፊት መጥታ፣ ሰው በቅጡ ሳያያት ያለፈች ናት። ከመዳፍ አትበልጥም። ዲስክ ታጎርሷታላችሁ፣ ታጫውታለች። ማይክ ከሰካችሁባት ደግሞ ትቀዳለች። ድምፅ የምታወጣባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏት፤ አንዱ የጆሮ ማዳመጫ፣ ሌላው ላይን አውት የሚሉት።

መርሻ የመተማ ልጅ ነው፤ ከገዳሪፍ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ ዶካ ከተማ ላይ ትራክተር ይጠግናል። አንድ ቀን ሳሙና የምታክል የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር፣ ድምፅ ማጉያ፣ አገኘና ደወለልኝ። ይቺን ከየትኛውም ቀዳዳ ብትሰካት ድምፁ ያው ነው አለኝ። እንዴት ያው ይሆናል? ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ የሚወጣው ድምፅ እኮ ሚኒዲስኳ ራሷ በሆዷ አንዴ ያጎላችው ነው። በዚያ ላይ አምፕሊፋየር መጨመር ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው መነስነስ ማለት ነው። ላይን አውት ግን ድምፁን እንዳለ፣ አንዳች ሳይደብቅ ነው የሚሰጣችሁ። ይህን ሁለት ወር ሙሉ በስልክ አስረዳሁት፤ አልገባውም። በመጨረሻ እንግዲያው ይዘሃት ናና ይለይልን አለ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት።

«ፈራህ እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ፈርቻለሁ። የመኖሪያ ካርዴ ጊዜው ካለፈ ሰነባብቷል። የሱዳን ጦርነት ከመጣ ወዲህ ደግሞ በዶካ መንገድ ፍተሻው ጠብቋል፤ ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሐበሻ ከአውቶብስ ይወርዳል፣ አውቶብሱም ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያወራልኝ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። እኔ ደግሞ በጠባዬ የጎረቤት ውሻ ሲያስነጥስ የምደነግጥ ሰው ነኝ። ቢሆንም የጎንደር ልጅ «ፈራህ እንዴ?» ተብሎ እንዴት ይቀመጣል? በማግስቱ ጠዋት ሚኒዲስኬን ኪሴ ከትቼ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ አንዲት የዕድሜ ባለጸጋ ሱዳናዊት፣ ሰው ሁሉ ሐጃ የሚላቸው፣ ተቀምጠዋል። ቅርጫታቸውን እግሬ ላይ አሳርፈውታል። ከፊት ያለው ሰውዬ ከገዳሪፍ ጀምሮ ዳቦውንም፣ ነዳጁንም፣ ሹሙንም እያማ ነው። እኔ በልቤ ጸሎት ጀምሬ መሀሉ ይጠፋብኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ።

ኬላው ጋ ደረስን። ወንዶች ውረዱ ተባለ። አንድ ረጅም ወታደር ኪሴን ዳበሰና ሚኒዲስኳን አወጣት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስቀዳባት የሰካኋትን ትንሽ ማይክ አልነቀልኳትም! ሽቦ የተንጠለጠለባት የብረት ሳጥን፣ በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ፣ በእኔ ኪስ።

«ዳ ሽኑ?» አለኝ። ይህ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

«ጂሃዝ ሙሲቃ» ልል ነበር፤ የሙዚቃ መሣሪያ። ዐረብኛዬ ለዚህ አያንስም። ግን «ጂሃዝ» የምትለዋ ወጣችና «ሙሲቃ» ጉሮሮዬ ላይ ቀረች። አያችሁ፣ እዚህ አገር «ጂሃዝ» ማንኛውም መሣሪያ ነው። ደግሞም ሕዝቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የደኅንነት ሰዎቹን የሚጠራበት ስም ነው። እናም እኔ ሽቦ ያለው ሳጥን ተይዞብኝ፣ ወታደር ፊት ቆሜ «ጂሃዝ» ብዬ ጸጥ አልኩ።

በመስኮት የሚያዩን ሁሉ ራሳቸውን ወደ ውስጥ መለሱ። ዳቦ የሚያማው ሰውዬ ከአጠገቤ ፈቀቅ አለ። ወታደሩ መሣሪያዋን መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠና አስነሳት በሚል ምልክት ሰጠኝ። በሚንቀጠቀጥ ጣቴ ያገኘሁትን ቁልፍ ተጫንኩ። ቀይ መብራት ቦግ አለች። «ጂሃዝ» አልኩ ደግሜ፤ ሌላ ቃል እምቢ ብሎኝ። ወታደሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና ከባልደረባው ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያ በእጁ ወደ አውቶብሱ አመለከተኝ።

«ተፈደል» አለኝ በአክብሮት፤ እለፍ ማለቱ ነው። ካርድ አልጠየቀኝም።

ስገባ ሐጃ ቅርጫታቸውን ከእግሬ ላይ አንስተው ይቅርታ ጠየቁኝ። ሹፌሩ ፊት ወንበር ለቀቀልኝ። ያ ሐሜተኛ ሰውዬ ስለ ዘንድሮ ዝናብ ምስጋና ማቅረብ ጀመረ። ሁሉንም ስፈራ የኖርኩ ሰውዬ ተፈራሁ! ደስ ያለኝ መሰላችሁ? እስከ ዶካ ድረስ ላቤ አልደረቀም። ጊዜው ያለፈ ካርድ አንድ ጥፋት ነው። ደኅንነት ነኝ ብሎ ማለፍ ግን ምን ሊባል ነው? እውነተኛው ጂሃዝ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ቢሆንስ?

መርሻ ጋ ስደርስ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ሻይ ይዤ ታሪኩን አወራሁለት። እንዴት ወታደሩን ዐይን ዐይኑን እያየሁ፣ ረጋ ብዬ፣ በወፍራም ድምፅ «ጂሃዝ» እንዳልኩት።

«አንተ? ውሸትህን ነው» አለኝ።

ለማንኛውም ፈተናውን ጀመርን። አምፕሊፋየሩን መጀመሪያ ጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ላይ ሰካነው። መርሻ ማዳመጫውን አድርጎ መዝሙሩን እየሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ቆየና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይኼኛው መዝሙር ግን ጸናጽል ብቻ ነው እንዴ?»

ተቀብዬ ሰማሁ። ሽ የሚል ነገር አለ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አለ፣ ከሩቅ ደግሞ «ጂሃዝ» የሚል የእኔ ድምፅ። ለካስ ኬላው ላይ የተጫንኩት የመቅጃውን ቁልፍ ኖሯል! መርሻ መልሶ ሰማና አፉን ያዘ።

«ወይ ጉድ! እውነትህን ነው። ድምፅህ እኮ የኮሎኔል ነው!»

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ትዕቢት ያዘኝ። ቆይ፣ በላይን አውት ደግሞ ስማው፣ ያኔ ልዩነቱ ይገባሃል አልኩትና ሽቦውን በገዛ እጄ ቀየርኩት።

ልዩነቱ ገባው። ሽ የሚለው ጠፋ። መርሻ ጸናጽል ያለው፣ ማይኳ በሚንቀጠቀጠው እጄ ላይ ከሚኒዲስኳ ብረት ጋር ስትላተም ነበር። የኮሎኔሉ ድምፅ እንደ ግልገል ቀጠነ። ከጀርባው ደግሞ የወታደሩ ሹክሹክታ ቁልጭ ብሎ መጣ። መርሻ ማዳመጫውን ወደ እኔ ጆሮ አስጠግቶ ሁለታችንም ሰማነው።

«ኸሊሁ፣ ሚስኪን፤ ተወው፣ ምስኪን ነው። ወረቀት እንዳትጠይቀው፣ እዚሁ ወድቆ ይሞትብናል» ይላል በዐረብኛ።

መርሻ አሸናፊነቴን አመነ። እስከ ዛሬ ዶካ ላይ ሻይ ለሚጠጣ ሁሉ ላይን አውት እንደሚበልጥ ይመሰክርልኛል፤ ላላመነ ሰው ቅጂውን ያሰማዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን፣ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ምን ጎደለው?