የመስክ መኪናችን የጎን መከላከያ ብረት ጉዳይ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን
ሰዓት፦ ለጠዋቱ 3፡00 ተጠርቶ 3፡25 ተጀመረ
ቦታ፦ መጀመሪያ በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ቀጥሎ መኪና ውስጥ፣ በመጨረሻም መንገድ ላይ

የተገኙ አባላት፦
1. የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. አዋላጅ ነርስ (ከዚህ በኋላ «ሲስተር»)፣ አባል
3. ሾፌሩ፣ አባል
4. የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ አባል
5. እኔ፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ጸሐፊ

ብረቱን የሚገጥመው በያጅም ያለ ድምፅ ተገኝቷል። ከአምስቱ አባላት አምስቱም ስለመጡ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጦ ስብሰባው ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ መከላከያ ያስፈልጋል ወይ?

ሾፌሩ ባለፈው ሳምንት ወደ ላይኛው መንደር ሲወጡ መንገዱ መሐል የተጋደመው ድንጋይ የመኪናውን ጎን ከሥር ገጭቶ የግራውን በር እንዳጣመመው፣ ከዚያን ቀን ወዲህም በሩ አልከፈት እንዳለ አስረዱ። ሲስተር መቀመጫቸው በግራ በኩል በመሆኑ ሳምንቱን ሙሉ በመስኮት ሲወጡ መክረማቸውን ገልጸው፣ «እኔ ሥራዬ ማዋለድ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ መወለድ አልችልም» ያሉት ቃል በቃል እንዲያዝላቸው በመጠየቃቸው ተይዟል።

የንብረት ክፍል ኃላፊ ድንጋዩ ለምን እንደማይነሣ ጠየቁ። ሾፌሩም ድንጋዩ ከንብረት ክፍሉ መጋዘን እንደሚበልጥ፣ እንደ መጋዘኑ ግን ተቆልፎ እንደማያውቅ መለሱ። ሰብሳቢው ሁለቱም እንዲረጋጉ አሳስበዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ መከላከያ እንደሚያስፈልግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የብረቱ ዓይነት

በያጁ ሁለት ናሙና አቀረበ፤ አንደኛው ወፍራም፣ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን ቱቦ፣ ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ክብ ቱቦ። ሾፌሩ ድንጋይ የሚፈራው ወፍራሙን ብቻ ነው አሉ። የንብረት ክፍል ኃላፊ መኪናው የመሥሪያ ቤቱ ፊት መሆኑን፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጡ እንግዶችም እንደሚያዩት በመጥቀስ ለክቡ ተከራከሩ። ሾፌሩ እንግዶቹ እስከ ድንጋዩ ድረስ መጥተው እንደማያውቁ አስታወሱ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ አባላት ተኳረፉ። ጎን ለጎን ቆመው ሳለ በጸሐፊዋ በኩል ብቻ እንነጋገራለን ስላሉ፣ ለአርባ ደቂቃ ያህል «እንዲህ በያቸው»፣ «እንዲያ በዪው» እየተባልኩ አመላልሻለሁ። «በዪው» ተብሎ አንቱታው የቀረው በንዴት ነው።

ሰብሳቢው ለሰላም ሲባል በግራ በኩል ክቡ፣ በቀኝ በኩል አራት ማዕዘኑ እንዲገጠም ሐሳብ አቀረቡ። ሲስተር «ድንጋዩ በየትኛው በኩል ነው?» ብለው ጠየቁ። የድንጋዩ አቀማመጥ በአጀንዳው ስላልተያዘ ጥያቄው ታልፎ የሰብሳቢው ሐሳብ ጸደቀ።

አጀንዳ 3፦ ብረቱ የት ላይ ይገጠም?

በያጁ እጁን አውጥቶ ብረቱ ከበሩ በታች፣ የመኪናውን አካል ከተሸከመው ከሻንሲው ጋር መታሰር እንዳለበት ተናገረ። የንብረት ክፍል ኃላፊ የተጎዳው በሩ እስከሆነ ድረስ መከላከያው በሩ ላይ መሆን አለበት አሉ። በያጁ «ጋሼ፣ እንደሱማ ከሆነ…» ብሎ ሲጀምር ድምፅ እንደሌለው ተነገረው። በሦስት ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ በሩ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ሦስተኛዋ ደጋፊ እኔ ነኝ፤ ርቦኝ ነበር።

ገጠማው ወዲያውኑ ተጀመረ። የንብረት ክፍል ኃላፊ ቀለሙ እንዳይላጥ ከውስጥ ሆነው ለመቆጣጠር መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። በያጁ «ጋሼ፣ ይውረዱ እንጂ» ቢላቸው «አንተ ሥራህን ሥራ» ብለው መልሰዋል። እሱም ሥራውን ሠርቷል። ሁለቱም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ በሮቹ ላይ ተጋድመው በብሎን ጥርቅም ብለው ታሠሩ።

ከዚያ የንብረት ክፍል ኃላፊ ለመውረድ ሞከሩ።

በሮቹ በብረት ስለታሠሩ አንዱም አልተከፈተላቸውም። የኋላው በር የክትባት ማቀዝቀዣ ስለተደገፈበት ከመስኮቱ በቀር አማራጭ አልነበረም። የሾፌሩ ሳቅ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ እንዳይመዘገብ በመታዘዙ አልተመዘገበም፤ ሆኖም መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

አጀንዳ 4፦ ድንገተኛ

5፡15 ላይ ስልክ ተደወለ። ላይኛው መንደር አንዲት ወጣት ከትናንት ጀምሮ አምጣ አቅቷታል፤ የመጀመሪያዋ ነው። ሲስተር ስልኩን ዘግተው ቦርሳቸውን በመስኮት ወረወሩና ራሳቸውም ተከተሉ። ሾፌሩ በሌላው መስኮት ገቡ። ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤ እንዳይጎድል ሁሉም እንዲሳፈር አዘዙ። እርሳቸውን ለማስገባት ዘበኛውና በያጁ ከኋላ መግፋት ነበረባቸው፤ ቀበቷቸው ግቢ ውስጥ ቀርቷል። በያጁ ከነመፍቻው የመጨረሻው ተሳፋሪ ሆነ።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ሾፌሩ መኪናውን አቆሙ። የመኪናው ሆድ ያለ መከላከያ እንደተራቆተ ስለሆነ ብንሻገር ዘይቱን እናፈሰዋለን አሉ። ሲስተር በመስኮት ወጥተው ዳገቱን በሩጫ ወጡ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ የወላዷ ወንድም እያለከለከ ወረደ። «ሲስተር፣ ‹እህትህ ጤና ጣቢያ መድረስ አለባት፣ ቃሬዛ አምጡ› ብለዋል!» አለ። ቃሬዛው ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ሁላችንም የንብረት ክፍል ኃላፊን አየናቸው። አንገታቸውን ደፉ፤ ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ሲያንቃጭሉ ይሰማ ነበር።

በዚህ ጊዜ በያጁ ፈቃድ ሳይጠይቅ በመስኮት ዘሎ ወጥቶ ብሎኖቹን መፍታት ጀመረ። ሰብሳቢው «ምን እያደረግክ ነው?» አሉት።

«ሁለት ረጃጅም ብረት አለን፣ ጌታዬ። ብርድ ልብስ ይፈለግ።»

የበያጁ ሐሳብ ያለ ውይይት ጸደቀ። በዚህ ኮሚቴ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

አጀንዳ 5፦ ከዳገቱ መውረድ

ብረቶቹን ተሸክመን ዳገቱን ወጣን፤ ብርድ ልብሱን የሰጡት የወላዷ እናት ናቸው። ወላዷን ከፊት ሾፌሩና የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ከኋላ ወንድምየውና በያጁ ተሸከሙ። ሰብሳቢው አንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ስለያዘ በሌላው ጃንጥላ ያዙላት። የንብረት ክፍል ኃላፊ ኮታቸውን አውልቀው ከራሷ ሥር አደረጉ።

መሐል መንገድ ላይ ሾፌሩ ወፍራሙ ብረት ትከሻቸውን እንደቆረጣቸው ተናገሩ። የንብረት ክፍል ኃላፊ «እኔ ክቡ ይሻላል ብዬ ነበር» አሉ። ክርክሩ እንደገና ሊከፈት ሲል ወላዷ ከብርድ ልብሱ ቀና ብላ፣ «ወይ ዝም በሉ፣ ወይ ተራ ገብታችሁ እናንተ አምጡልኝ!» ብላ ጮኸች። ድምፅ ባይኖራትም ሐሳቧ በሙሉ ድምፅ ዝምታ ጸደቀ። ከዚያ ራሷ መሳቅ ጀመረች፤ ሲስተርም ሳቁ፤ ተሸካሚዎቹ ስለሳቁ ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ። መኪናው ጋ ስንደርስ ሲስተር በድንገት «አቁሙ! መኪናው ውስጥ አስገቧት! እዚሁ ነው!» አሉ።

የቀኙ በር፣ ብረት ስለሌለበት፣ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ወንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው በመደዳ ቆሙ። ሾፌሩና የንብረት ክፍል ኃላፊ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር፤ ሁለቱም እንዳላስተዋሉት ጸሐፊዋ ታምናለች።

8፡50 ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። እናትም ልጅም ደህና ናቸው። የንብረት ክፍል ኃላፊ ዓይናቸው ውስጥ አቧራ መግባቱን አስታወቁ። መኪናው በወቅቱ ቆሞ ነበር፤ ነፋስም አልነበረም።

የመጨረሻ ውሳኔ

እዚያው መንገድ ላይ በንብረት ክፍል ኃላፊ አቅራቢነት በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ብረቶቹም መኪናው ላይ እንዳይመለሱና ቃሬዛ ሆነው በላይኛው መንደር ያለ ቁልፍ እንዲቀመጡ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በያጁም እጁን አውጥቶ ነበር፤ ተቆጥሯል።

ሰብሳቢው የሕፃኗን ስም እንደ ልዩ ልዩ ጉዳይ ለማስያዝ ሞክረው አብረውን የወረዱት አያትየዋ፣ «ስሙን እኛ እናወጣለን ልጄ፣ አንተ ሱሪህን ያዝ» በማለታቸው አጀንዳው ተሰርዟል።

ስብሰባው 9፡40 ላይ ተበተነ። ሰብሳቢው የመዝጊያ ንግግር አድርገዋል፤ ሕፃኗ ግን ባለ በሌለ ኃይሏ ታለቅስ ስለነበር ምን እንዳሉ አልሰማሁም። ማንም አልሰማም።