የወ/ሮ ዋጋዬ ድኩላ ለማዳነት ስለ መጽደቁና ስለ መሰረዙ

የሰፈር ሰብል ጥበቃ ኮሚቴ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. አሰላ፣ ከጭላሎ ግርጌ፣ በወ/ሮ ዋጋዬ ግቢ ለ9 ሰዓት ተጠርቶ 10 ሰዓት ላይ ተቀመጠ።

የተገኙ፦ አቶ ነገሳ (ሊቀመንበር)፣ አቶ ሙህሲን ባለሱቁ (አባል)፣ መምህር መርሻ (አባል፣ ባለፈው ወር ከደብረ ብርሃን የተዛወሩ)፣ ጥሩሰው (ጸሐፊ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ)። ባለጉዳይ፦ ወ/ሮ ዋጋዬ።

ለምልዓተ ጉባኤ አምስት አባል ያስፈልግ ነበርና አንድ ጎደለ። አቶ ሙህሲን ሱቅ ዘግተው ዳግመኛ እንደማይመጡ ስላሳወቁ፣ ግንድ ላይ የታሰረው ድኩላ አምስተኛ ሆኖ እንዲቆጠር ተደረገ።

1. ድኩላው ይባረር ወይስ ይቆይ

አቶ ሙህሲን ድኩላው የሰፈሩን ገብስ እንደ ገዛ ማሳው እንደሚግጥ አመለከቱ። ወ/ሮ ዋጋዬ ልጆቻቸው ርቀው ከሄዱ ወዲህ በጡጦ ያሳደጉት እሱን እንደሆነ፣ ከተባረረ ጠዋት በር ሲከፍቱ የሚጠብቃቸው ነፍስ እንደማይኖር ተናገሩ።

መምህር መርሻ ከብትና በግ አለቃ ስለሚከተሉ ሰው አለቃ መስሎ እንደ ነዳቸው፣ ድኩላ ግን ብቻውን ኗሪ፣ ኮሽ ሲል በርጋጊ፣ ሊቀመንበር የማያውቅ ፍጥረት በመሆኑ እንደማይለምድ አብራሩ። ሊቀመንበሩ «ይሄ ነገር ወደ እኔ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ከረጅም ክርክር በኋላ ወደ እርሳቸው አለመሆኑ በአራት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ጸደቀ። ድምፀ ተአቅቦው የድኩላው ነው።

ድኩላው ተፈቶ ሲጠራ ከመጣ ለማዳ ተብሎ እንዲቀር ተወሰነ።

2. ጥሪው

ወ/ሮ ዋጋዬ ልጥራው ቢሉ፣ ለእናቱማ ማን አይመጣም ተብሎ ተከለከሉ። ሊቀመንበሩ የጭላሎ ልጅ የሚጠራው በኦሮምኛ ነው ብለው «ኮቱ!» አሉ፤ ና ማለታቸው ነው። ድኩላው ጆሮውን አቁሞ ቀረበ። ወ/ሮ ዋጋዬ አለቀሱ። ለማዳነቱ እጅ በማውጣት ጸደቀ።

ሊቀመንበሩ ደስ ቢላቸው ደገሙት፦ «ኮቱ!» ኦሮምኛ ገና ያልለመዱት መምህር መርሻ በርዷቸው ነው ብለው አጥር ላይ የተሰቀለውን የሊቀመንበሩን ኮት አንስተው አራገፉት። ድኩላው አጥሩን ዘሎ ጫካ ገባ። መምህሩ «በርጋጊ ነው ብዬ ነበር» ማለታቸው እንዳይመዘገብ ተጠይቄ ነበር።

3. የመጨረሻ ውሳኔ

በውሻ ይፈለግ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ወ/ሮ ዋጋዬ እምቢ አሉ። አምስተኛው አባል ስብሰባ ጥሎ በመውጣቱ ምልዓተ ጉባኤው ስለ ፈረሰ፣ ከተራ 1 ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ እንዲሰረዝ ተወሰነ። ይህንንስ በየትኛው ምልዓተ ጉባኤ ወሰናችሁ ብል «አንተ ጻፍ» ተባልኩ። ጻፍኩ።

ወ/ሮ ዋጋዬ ግን አንድ ቃል ሳይሰረዝ እንዲቀርላቸው ለመኑ፦ «የሸሸው ከኮቱ ነው፤ ከእኔ አይደለም።»

ስብሰባው 11፡30 ላይ ተበተነ። ስወጣ የግቢውን በር ልዘጋ ብል ወ/ሮ ዋጋዬ «ተወው» አሉኝ።